የሽፋኑ እባብ የማን ነው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ከጎንደር የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች እናስተናግዳለን። ጸሐፊዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም፤ ሦስቱም ግን የጠየቁት ስለ ጤና ጥናት ኅትመትና ስለ ፈውስ ሥዕል ስለሆነ አንድ ላይ ማንበቡ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ «በጤና ትምህርት ሙያ የተሰማራን ጥቂት ባልደረቦች በዓመት አንድ ጊዜ የሚወጣ የጥናት መጽሔት ለመጀመር ተሰናድተናል። ጽሑፎቹ ተገምግመው ሊያልቁ ነው፤ የቀረን ሽፋኑ ነው። ንድፍ የሚሠራልን ወጣት በአንድ ባለ ክንፍ በትር ላይ የተጠማዘዙ ሁለት እባቦችን ሥሎ አመጣ። አንዱ ባልደረባችን የቅዱስ ሩፋኤል ሥዕል ይሁን ይላል፤ ሌላው ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ የመላእክቱን ፊት ይመርጣል፤ አንዲት እኅታችን ደግሞ ቀይ መስቀል ይበቃል ትላለች። እባብ ክፉ ስለሆነ ከነጭራሹ ይቅር የሚሉም አሉ። ትክክለኛው የፈውስ ምልክት የትኛው ነው? ወይስ ሽፋን ሽፋን ነውና ይህን ያህል መጨነቅ አይገባንም?» — ከማራኪ፣ ጎንደር

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄያችሁ ልነሣ። መጨነቃችሁ ተገቢ ነው። በጥናት መጽሔት ውስጥ «ይህ ነገር ይህን በሽታ ያድናል» የምትል ዓረፍተ ነገር ያለ ማስረጃ ብትገኝ ገምጋሚው በቀይ አስምሮባት ይመልሳታል። የሽፋኑ ሥዕል ግን ያንኑ «ያድናል» የሚለውን ቃል ማንም ሳይገመግመው ይናገራል፤ ጽሑፎቹን ገልጦ የማያይ ሰው እንኳ እርሱን ያያል። ስለዚህ ሥዕሉን እንደ አንድ ጽሑፍ ቁጠሩትና ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚል፣ ለማን እንደሚናገር መርምሩት።

ወጣቱ ያመጣው ባለ ሁለት እባብ በትር በግሪኮች አፈ ታሪክ የሄርሜስ ነው። ሄርሜስ የአማልክት መልእክተኛ፣ የነጋዴዎችና የመንገደኞች ጠባቂ፣ አልፎ ተርፎም የሌቦች አጋር ተደርጎ ይታሰብ ነበር እንጂ የፈውስ አምላክ አልነበረም። የፈዋሹ የአስክሌፒዮስ በትር ክንፍ የለውም፤ እባቡም አንድ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 በዓርማው ውስጥ ያስገባው ይህኛውን ነው። ሁለቱ የተደባለቁበት መንገድ መጽሔት ለምታሳትሙት ለእናንተ በተለይ የሚነገር ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባዝል ከተማ ይሠራ የነበረው አታሚ ዮሐን ፍሮበን በጫፉ ርግብ ያረፈችበትን የሁለት እባቦች በትር የማተሚያ ቤቱ መለያ አድርጎ በመጻሕፍቱ ላይ ያትመው ነበር፤ መጽሐፍ መልእክት ነውና የመልእክተኛው በትር ለአታሚ ይስማማዋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም ጆን ቸርችል የተባለ የለንደን የሕክምና መጻሕፍት አሳታሚ ይህንኑ ምልክት ይጠቀም ነበር። አንባቢው በየሕክምና መጽሐፉ ላይ ሲያየው የቆየውን የአሳታሚ መለያ ቀስ በቀስ የሕክምናው የራሱ ምልክት አድርጎ ሳይወስደው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1902 የአሜሪካ ጦር የሕክምና ክፍል በደንብ ልብሱ ላይ ካደረገው ወዲህ ደግሞ ስሕተቱ ዓለምን አዳረሰ። እንግዲህ የወጣቱ ሥዕል የሐኪም ሳይሆን የአሳታሚ ምልክት ነው ማለት ነው። ይህን ታሪክ ሳያብራሩ ሽፋን ላይ ማውጣት ግን ስሕተቱን በእናንተም እጅ አንድ ጊዜ መድገም ስለሚሆን አልመክረውም።

እባብ ክፉ ነው ለሚሉት ወገኖች መልሱ ረዘም ይላል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ዘንዶው በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር የሚረገጥ፣ በጦር የሚወጋ ነው፤ ይህን ሲያይ ያደገ ሰው እባብ የተጠመጠመበት በትር በጤና ጣቢያ በር ላይ ሲያይ ቢደናገር አይፈረድበትም። ይሁንና በዘኍልቍ ምዕራፍ 21 ሙሴ የነሐስ እባብ ሠርቶ በዓላማ ላይ እንደሰቀለና እባብ የነደፈው ሰው ሁሉ ያንን አይቶ እንደዳነ የሚናገረውን ታሪክ የሚያነበው ይኸው ሕዝብ ነው። የገደለውም ያዳነውም አምሳሉ አንድ ነው። ግሪኮቹም ቢሆኑ እባቡን የወሰዱት ቆዳውን ገፍፎ እንደገና አዲስ ስለሚሆን ነው ይባላል፤ በኤጲዳውሮስ በነበረው የአስክሌፒዮስ መቅደስ እባቦች በነጻነት ይኖሩ ነበር፤ ሕሙማንም በዚያ ተኝተው እያደሩ በሕልማቸው ፈዋሹን ይጠብቁ ነበር። ጸበል ቦታ ውለው ለሚያድሩ የእኛ ሕሙማን ይህ ሥርዓት ከነጭራሹ እንግዳ የሚሆን አይመስለኝም።

ነገሩን ከቋንቋችን ውስጥ ብናየው ደግሞ ይበልጥ ይጠራል። «መድኃኒት» የሚለው ቃል «ድኅነ» ከሚለው ግእዝ ይወጣል፤ መዳንንና መትረፍን ይናገራል፤ መድኃኔ ዓለም የምንለውም ከዚሁ ሥር ነው። ሆኖም የአይጥ መድኃኒትም መድኃኒት ይባላል፤ «መድኃኒት አበሉት» ሲባል የሰማ ሰውም ስለ ፈውስ አያስብም። አማርኛ ተናጋሪ የሚያድነውና የሚገድለው ነገር በአንድ ስም እንደሚጠራ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ስለዚህ አንዱን እባብ ብትመርጡ በእኔ እምነት አንባቢያችሁ ሊረዳው ይችላል። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 የሚነገረውን ግን አትዘንጉ፤ ንጉሥ ሕዝቅያስ ያንን የነሐስ እባብ የሰባበረው ሕዝቡ መድኅኑን ረስቶ ለምልክቱ ማጠን ስለጀመረ ነው።

ስለ ሌሎቹ ሐሳቦች በአጭሩ ልበል። ቀይ መስቀልን ተዉት። እ.ኤ.አ. በ1864 በተፈረመው የጄኔቫ ስምምነት የተሰየመ፣ በጦር ሜዳ ቁስለኞችና እነርሱን የሚያክሙ ሰዎች እንዳይተኮስባቸው የሚጠብቅ ምልክት ነውና እንደ ጌጥ በየቦታው በታተመ ቁጥር ጥበቃው ይደክማል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ መላእክት እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ከጣሪያው ላይ በየአቅጣጫው የሚመለከቱት እነዚያ ትልልቅ ዓይኖች የሚናገሩት ግን ስለ ጥበቃና ስለ ምስጋና እንጂ ስለ ሕክምና አይመስለኝም፤ ያለ ቤተ ክርስቲያኑ ፈቃድ ማተሙም ተገቢ አይሆንም። ቅዱስ ሩፋኤልን የመረጠው ባልደረባችሁ ከሁሉም ይልቅ ወደ ነገሩ ቀርቧል። ስሙ «እግዚአብሔር ፈወሰ» ማለት ነው፤ በመጽሐፈ ጦቢት የዓሣው ሐሞት የታወረውን ዓይን እንዴት እንደሚያበራ ያስተማረውም እርሱ ነው፤ ጳጉሜን 3 ቀን በዝናብ የሚጠመቀው ሕዝብም ይህን ያውቃል። የእናንተ መጽሔት ግን የሚያገለግለው ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ነው፤ የአንድ ሃይማኖት ምልክት ሽፋን ላይ ሲወጣ ሌላው ወገን መጽሔቱ የእርሱ እንዳልሆነ ቢሰማው ጥፋቱ የእርሱ አይሆንም።

እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ኮሶን ነው። የሴቴዋ ዛፍ ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሲታይ ለሠዓሊ እጅ የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባውና በቁስቋም የፈንጣጣ ሕሙማንን ያከመው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ኮሶን ከነሥዕሉ ለአውሮፓ አንባቢ አቀረበው፤ በቀጣዩ መቶ ዓመትም በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። እናቶቻችን በጓዳ የሚያውቁት መድኃኒት ወደ ዓለም የወጣው በኅትመትና በሥዕል ነው ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ኮሶ እንደ እባቡ ሁለት ፊት አለው፤ ትሉን ያስወጣል፤ ከመጠን አልፎ የጠጣውን ሰው ግን ዓይኑን እስከ መጉዳት እንደሚደርስ በዚሁ በሀገራችን የሕክምና መጽሔት ተጽፏል። ትሉ የሚመጣው ከጥሬ ሥጋ ስለሆነም ነገሩ ከአንድ ሕመምተኛ አልፎ የኅብረተሰብ ጤና ጉዳይ ይሆናል። ይህ ደግሞ ለጎንደር ይስማማል፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በከተማችሁ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በደንቢያ ሜዳ ብዙ ሺህ ሰው የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ካስደነገጠ በኋላ ነው፤ ያሠለጥን የነበረውም የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን ነበር።

የትኛውንም ብትመርጡ ስለ ሽፋኑ ሥዕል የሚያስረዳ አንድ ገጽ በውስጥ አስገቡ፤ የሠዓሊውንም ስም አትርሱ። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 2013 ድረስ ሽፋኑን ለሥዕል ሰጥቶ በነበረበት ዘመን ለረጅም ጊዜ በውስጡ ስለዚያው ሥዕል የሚተርክ ጽሑፍ ያወጣ ነበር፤ ብዙ ሐኪሞችም መጽሔቱ ሲደርሳቸው አስቀድመው የሚያነቡት እርሱን እንደነበረ ይነገራል። የእኛ የጥንት ሠዓሊዎች አብዛኞቹ በሥራቸው ላይ ስማቸውን አልጻፉም፤ የዛሬው ሠዓሊ ግን ስሙ ይጻፍለት፤ ዋጋውም ይከፈለው።

ጥያቄ፦ «የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በመሥራት የምተዳደር ሰው ነኝ። ከሴት አያቴ የቀረ በብራና የተጻፈ ክታብ በቤታችን አለ። አንድ ተመራማሪ ስለ ባሕላዊ ሕክምና ለሚጽፈው ጥናት ፎቶ አንሥቶ በጤና መጽሔት ላይ ለማውጣት ጠየቀኝ። መልካም ሰው ነው፤ ‹አያትዎ በሕይወት የሉም፤ ክታቡም ያረጀ ስለሆነ ችግር የለውም› ይለኛል። እናቴ ግን ልቧ አልወደደውም። ምን ባደርግ ይሻላል?» — ከፒያሳ፣ ጎንደር

መልስ፦ የእናትዎን ልብ ይስሙ። ተመራማሪው ክታቡን እንደ ቅርስ አይቶታል፤ ክታቡ ግን ቅርስ ብቻ አይደለም፤ የአንዲት ታማሚ ካርድም ነው። ደብተራው ክታቡን ሲያዘጋጅ ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚያደርገው ጥበቃው ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲደርስ ነው። ጸሎቱን ከጻፈ በኋላ «ዕቀባ ወአድኅና ለአመትከ» ብሎ፣ ማለትም «ባሪያህን ጠብቃት፣ አድናትም» ብሎ፣ የክርስትና ስሟን በቀይ ቀለም ያስገባል። ልጅ ለሚሞትባት ሴት ከሆነ ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን የገደለበት ታሪክ ይጻፍበታል፤ ሾተላይ፣ ዓይነ ጥላ፣ ቁርጠት እየተባለም ሕመሙ በስም ይጠራል። እንግዲህ አንድ ፎቶ የአያትዎን ስም፣ የደረሰባቸውን የወሊድ ኀዘን፣ ከጎኑ ማስመሪያ ተደርጎ ከተነሣ ደግሞ ቁመታቸውን ጭምር ለዓለም ያሳያል ማለት ነው።

ይህን የምለው በሥራዬ ያጠፋሁት ጥፋት ስላስተማረኝ ነው። ከዓመታት በፊት እኔው ባረምሁት አንድ የጥናት ጥራዝ ውስጥ የክታብ ፎቶ ወጣ፤ ሥዕሉ ያማረ ስለነበር ዓይኔ ከሥዕሉ አልፎ ጽሑፉን አላነበበም። ጥራዙ ከተበተነ በኋላ አንዲት ሴት ደውላ የሟች እኅቷን ስምና በቤተሰቡ ዘንድ ብቻ ይታወቅ የነበረውን ሕመም በዚያ ገጽ ላይ እንዳነበበች ነገረችኝ። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋ ግን ዛሬም ከጆሮዬ አልጠፋም። በታተመ ወረቀት ላይ የወጣን ስም መልሶ መሰብሰብ አይቻልም።

በዓለም አቀፍ ደረጃም ሕጉ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በቫንኩቨር ተሰብስበው የጋራ መመሪያ ያወጡት የሕክምና መጽሔት አርታኢዎች የታማሚ ስም፣ ሥዕልና መለያ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ እንዳይታተም ያዝዛሉ፤ በታማሚው ፎቶ ላይ ዓይንን ብቻ በጥቁር መሸፈንም ማንነትን ለመደበቅ እንደማይበቃ በግልጽ ጽፈዋል። ዓይንን ስለ መሸፈን ሲነሣ የክታቡ ሥዕል ትዝ ይለኛል። በመስቀሉና በባለ ስምንት ጫፉ ኮከብ መካከል ያሉት እነዚያ የተከፈቱ ዓይኖች ለጌጥ የተሣሉ አይደሉም፤ ክፉው መንፈስ በታማሚዋ ዓይን ሲያያቸው ደንግጦ እንዲሸሽ የተሣሉ ናቸው። በሥዕላችን ወግ ቅዱሳን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ክፉዎች ግን በአንድ ዓይን በጎን የሚታዩበትን ምክንያት ለእርስዎ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። የፈውሱ ኃይል በመተያየት ውስጥ ነበረ፤ ይህን ያህል የግል የሆነ ነገር ነው።

ስለዚህ ለተመራማሪው እንዲህ ይበሉት። ሥዕሉ ያለበት ክፍል ብቻ ይነሣ፤ ስም ያለበት መሥመር አይታይ፤ ለመጽሔቱ የሚላከው ፈቃድ እናትዎ አንብበው ወይም ተነብቦላቸው የፈረሙበት ይሁን። ከዚህ የተሻለ መንገድም አለ። እርስዎ ሠዓሊ ነዎትና ሥዕሉን በአዲስ ብራና ላይ ያለ ስም ይገልብጡለት፤ ስምዎ ከሥዕሉ ሥር ይጻፍ። እናትዎ ከዚህ ሁሉ በኋላም እምቢ ካሉ ነገሩ በዚያው ያብቃ፤ ጥናቱ ያለዚያ ፎቶ አይጎድልበትም።

ጥያቄ፦ «በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ነፍሰ ጡር እናቶች ክትትል የሚጀምሩት ለምን ዘግይተው እንደሆነ ከባልደረቦቼ ጋር ጥናት ሠርተናል። ሰሞኑን ከአንድ የውጭ መጽሔት ኢሜይል ደረሰኝ፤ ‹የተከበሩ ፕሮፌሰር› ብለው ጽሑፌን በ7 ቀን እንደሚያትሙልኝ፣ ክፍያው ግን በዶላር እንደሆነ ይናገራሉ። ዓርማቸው ሉልና እባብ ያለበት ስለሆነ የታወቀ ድርጅት መስሎኛል። የሀገር ውስጥ መጽሔት ማን ያነበዋል ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?» — ከአዘዞ

መልስ፦ አይክፈሉ። ሉልና እባብ ማንም በአንድ ከሰዓት ሊሥለው ይችላል፤ እባቡ የተጠመጠመው መጽሔቱ በእውነት ስለሚገመግም አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት የሙያው ሰዎች አንድን ጽሑፍ አንብበው፣ ስሕተቱን ነቅሰው፣ ጸሐፊውም አርሞ እስኪመልስ ድረስ 7 ቀን አይበቃም፤ አብዛኛውን ጊዜ ወራት ይፈጃል። ክፍያ መጠየቁ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም፤ ብዙ የታመኑ ነጻ ተደራሽ መጽሔቶችም፣ ማለትም አንባቢ ሳይከፍል የሚያነባቸው፣ ጸሐፊውን ያስከፍላሉ፤ ከእነርሱ ውስጥ ግን እንደ እኛ ላሉ ሀገሮች ጸሐፊዎች ክፍያውን የሚቀንሱ ወይም የሚተዉ አሉ። ማየት ያለብዎት አርታኢዎቹ በእውነት በተባሉበት ተቋም የሚሠሩ መሆናቸውን፣ የቀደሙት ዕትሞች ተከፍተው የሚነበቡ መሆናቸውን፣ መጽሔቱም እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የነጻ ተደራሽ መጽሔቶች ማውጫ ውስጥ ወይም እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የአፍሪካን መጽሔቶች በሚሰበስበው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ መኖሩን ነው። ነርስ መሆንዎን እያወቁ «ፕሮፌሰር» ብለው መጥራታቸውም ሥራዎን ጨርሶ እንዳላዩት ይመሰክራል።

የሀገር ውስጥ መጽሔት ማን ያነበዋል ለሚሉዎት ሰዎች የእንዶድን ታሪክ ይንገሯቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ከእጥበቱ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የመጀመሪያውን ሪፖርታቸውን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ሲሆን መጽሔቱ ገና 3ኛ ጥራዙ ላይ ነበር። ግኝታቸው በውጭ ተቋማት ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ ለረጅም ዓመታት ታገሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲቀበሉ ነገሩ የተጀመረበት ያ አጭር ጽሑፍ በዚያው በሀገራችን መጽሔት ውስጥ ነበረ። ዛሬ የእኛዎቹ መጽሔቶች በኢንተርኔት ስለሚገኙ ከዚያን ዘመን ይልቅ እጅግ ለብዙ አንባቢ ይደርሳሉ።

የእርስዎ ጥናት ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው በደንቢያና በወገራ ጤና ጣቢያዎች ለሚሠሩ ባልደረቦችዎ ነው፤ እነርሱ ሊያገኙት በሚችሉበት የሀገር ውስጥ መጽሔት ያውጡት። ከመላክዎ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴው የፈቃድ ቁጥር በጽሑፉ ውስጥ መግባቱን፣ አብረዋችሁ መረጃ የሰበሰቡት ባልደረቦችዎ ስማቸው በተገቢው ቦታ መጻፉን፣ በሠንጠረዦቹም ውስጥ አንዲት እናት በቀበሌዋና በዕድሜዋ ተለይታ እንዳትታወቅ መደረጉን ያረጋግጡ። በአንዲት ትንሽ ቀበሌ 45 ዓመት የሆናት ነፍሰ ጡር አንድ ብቻ ልትሆን ትችላለች።